ንፋሱን ቀንሱልኝ

አራት ነበርን። ጎሚስታው ሰይድ ከፊተኛው ግራ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። የወንድሜ ልጅ ጀማል ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ ቆሟል። ሚስቱ ሐያት ከቆርቆሮው ጥላ ሥር በላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እኔ ከአስፋልቱ ዳር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ቆሜያለሁ።

ከከሚሴ ገበያ ስመለስ ነው ጀማል አይቶ የጠራኝ። የአባቱ እህት ስለሆንኩ በኦሮምኛው አዳዳ ይለኛል።

«አዳዳ፣ ነይ እዪልኝ! እንዴት ነው?»

አራቱም ቸርኬዎች አዲስ ነበሩ። ሰፋፊና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ ጎማው ግን ሳስቶ እንደ ቀለበት በዙሪያቸው ተጠምጥሟል። የድሮዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል።

«ያምራል» አልኩ።

«ያምራል እንጂ» አለ ሰይድ ቀና ሳይል። «ለሰርግ ነው የሚያምረው። ጉድጓድ ያገኘው ለታ አብረን እናለቅሳለን። ውጪው የድሮው ልክ ነው፤ ብረቱ አድጎ ጎማውን በላው።»

«ቀንተህ ነው!» አለው ጀማል።

«ወላሂ አልቀናሁም። ወገቤን ስለምወድ ነው።»

ጀማል ሳቀና በሩን ከፈተልኝ። «አንድ ዙር እንዙር፤ አንቺ ፍረጂ።» ሐያትም ተነስታ ከኋላ ገባች። አስፋልቱ ላይ ምንም አልነበረውም። ወደ ኮብልስቶኑ ስንታጠፍ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ በወንበሩ አልፎ ጥርሴ ድረስ መጣ። ዞር ብዬ ሐያትን አየኋት። ሁለት እጆቿን ከሆዷ ሥር አድርጋ ይዛዋለች። በማግስቱ ጠዋት ጀማል ባቲ፣ እናቷ ቤት ሊያደርሳት ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና።

ያን አያያዝ አወቅሁት።

እኔ በዚሁ መንገድ ልወልድ የመጣሁት ከባቲ ወደ ከሚሴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ባቲ በተዳርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ማሽላው ሊታጨድ በደረሰበት ወራት ነው። ባቲን ሰው ሁሉ በሰኞ ገበያዋ ያውቃታል፤ ግመሉ፣ ጨዉ፣ ከቆላ የወጣው፣ ከደጋ የወረደው፣ መተላለፊያ አይገኝም። እኔ የማስታውሳት በሌሎቹ ቀናት ነው። ባለቤቴ ነጋዴ ስለሆነ ከሰኞ እስከ ሰኞ መንገድ ላይ ነው። አማቴ ደግ ሴት ነበሩ፤ ግን ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል፤ ጨዋታችን ከሰላምታ ብዙ አይርቅም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ቤቱን ሲይዘው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የማውቀው ሰው ያልፍ እንደሆነ አያለሁ። አያልፍም። ሆዴ ሲገፋ ግን ለብቻዬ መሆኔ ቀረ። ልጁን በልቤ አናግረው ጀመር።

ባለቤቴን ስሙን ጠርቼው አላውቅም። ያኔ በእኛ ቤት ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ እናቱ ባሉበት ደግሞ በቀጥታ አታናግረውም። የምትፈልገው ካለ ለአማቷ ትነግራለች። አሁንም፣ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖት፣ ስሙን ልበል ስል አፌ እምቢ ይለኛል።

ኋላዋ ክፍት የሆነች የጭነት መኪና ነበረችው። በዚያ ወር ወደ ቆላ ገበያዎች ሲወርድ ድንጋዩ ሆዷን እየመታበት ስለተቸገረ፣ ከትልቅ መኪና የወጡ ቸርኬዎችና ወፋፍራም ጎማዎች አስገጠመላት። መኪናዋ ከፍ አለች። እሱም አብሮ ከፍ ያለ መሰለኝ፤ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ዞር ዞር ብሎ ያያታል፤ በእግሩ ጎማውን መታ ያደርጋል።

ከመንገዳችን በፊት በነበረው ቀን ምሳውን ይዤለት የባቲው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ጎሚስታው ንፋስ እየሞላ፣ «ይሄ ጎማ የጭነት ነው» ይለዋል። «ባዶዋን ስትነዳት ንፋሱን ቀንስ። ያለዚያ በድንጋይ ላይ ድንጋይ ነው የምታንከባልለው።»

«ስመለስ ከከሚሴ ማሽላ እጭናለሁ» አለ ባለቤቴ። «አሁን ቀንሼ እዚያ ደግሞ ማን ይሞላልኛል? ሙላው።»

እኔ እስከዚያ ቀን ጎማ በተለቀ ቁጥር መንገድ የሚለሰልስ ይመስለኝ ነበር። በከፊል እውነት ነው፤ ትልቅ ጎማ ትንሿን ጉድጓድ ሳይወድቅባት ያልፋታል። ሰውን የሚያነጥረው ግን ሌላ ነገር ነው። ጎማው መንገዱን ሲነካ ትንሽ መርገብ አለበት። እንዲያ ያለው ጎማ፣ ንፋሱ ጢም ብሎ፣ ጭነት ሳይጫነው፣ አይረግብም። ይህን ሁሉ የተማርሁት በማግስቱ በጀርባዬ ነው።

ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። እሱ መሪው ላይ፣ አማቴ መሀል፣ እኔ በሩ ዘንድ። አማቴ አንድ ክንድ የሚሞላ ጥንቅሽ ይዘው ነበርና እየላጡ ለእኔም ይሰጡኛል። ያ የማሽላ አገዳ ሲመጠጥ ከስኳር ይጣፍጣል፤ መጀመሪያ ላይ ደስ እያለኝ መጠጥኩ። ከባቲ ወጥተን ወደ ኮምቦልቻ መውጣት ስንጀምር ግን፣ የወደብ መኪኖች የበሉት አስፋልት መጣ። መኪናዋ አትወዛወዝም፤ ትነጥራለች። ከወንበሩ እንነሳና እንወርዳለን። አማቴ ጥንቅሹን እንደያዙ ጣሪያውን በጭንቅላታቸው ነኩና ሳቁ።

«አንተ ልጅ! መኪና ነው ፍየል ነው የገዛኸው?»

«ከፍ ያለች ናት እማ» አለ እሱ ኩራት እያለው። «ልመጂያት።»

እኔ በሁለት እጄ ሆዴን ከሥር ደግፌ ነበር። ልጁ ጠዋት ሲገላበጥ ነበር፤ አሁን ዝም ብሏል። የጎሚስታው ነገር ትዝ አለኝ። ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ወደ አማቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «እማ፣ ንፋሱን ቀንሱልኝ» አልኩ።

አማቴ ወዲያው በላዬ ተንጠራርተው መስኮቱን እስከ ጫፉ ዘጉት።

«እውነትሽን ነው ልጄ። እርጉዝ ንፋስ አይስማማትም። እኔ ነኝ ያላሰብኩት።»

ከዚያ ጋቢያቸውን አውርደው ላዬ ላይ ጣሉልኝ። ሙቀቱ ልብስ የሚያስወልቅ ነው። ባለቤቴ ግንባሩን እየጠረገ፣ «በዚህ ሙቀት ምን ንፋስ አለ?» ብሎ ሳቀ፤ ቢሆንም የራሱንም መስኮት ዘጋልኝ። ደግ ነበር።

«አይደለም፣ የጎማውን» ማለት ነበረብኝ። ግን በእናቱ ፊት፣ ያን ያህል የሚወዳትን መኪና መንቀፍ መሰለኝ። ሁለት ጉድጓድ እንዳለፍን እንደገና፣ «ንፋሱ…» ስል፣ አማቴ ሻሻቸውን ፈትተው ጆሮዬን አሰሩልኝ። «አብሽሪ፣ ደርሰናል፣ አብሽሪ።»

ሐርቡን ሳናልፍ ምጡ መጣ። ጊዜው አልነበረም።

እናቴ ቤት በደረስን በዚያው ከሰዓት ወለድኩ። ወንድ ነበር። ባለቤቴ ውዱእ አድርጎ፣ በልጁ ጆሮ አዛን ሊል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የልጁን ድምፅ ሲያጣ ቀስ ብሎ ከደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ፣ ከመንገዱ ላይሆን ይችላል፣ በራሱም ይመጣል አለ። ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ልጅ አላየሁም።

አርባዬ ሲደርስ ሊወስደኝ መጣ። ዕቃዬ ተጭኖ ልንነሳ ስንል እየዞረ ጎማዎቹ ሥር ቁጢጥ አለ። በእንጨት ሲነካቸው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አማቴ አልመጡም ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነን። አራተኛውን ጨርሶ እንደተቀመጠ፣ ሳያየኝ፣

«ያን ቀን ንፋሱን ያልሽው… ይሄን ነበር?» አለኝ።

ፊቱን አየሁት። መልሱን ከሰማ መኪናዋን ብቻ ሳይሆን ራሱንም እንደሚጠላ ገባኝ።

«አይ» አልኩ። «የመስኮቱን ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ተነሳ። መኪናዋ እስከ ባቲ ድረስ በለስላሳው ሄደች። የራሴን መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩ። ሲሞት ወደ ከሚሴ ተመለስኩ።

ይህ ሁሉ የታሰበኝ ጀማል ዙሩን ጨርሶ ጎሚስታው ደጃፍ እስኪቆም ድረስ ነው።

«እሺ፣ ፍርድሽ?» አለኝ።

«ነገ ሐያትን በድሮዎቹ ውሰዳት።»

«አዳዳ! ዛሬ የገጠምኩትን?»

«ከወለደች በኋላ መልሰህ ግጠመው። ለነገ ግን የድሮዎቹን። ንፋሱንም አስለካ።» ከዚያ ደግሜ፣ ቃሏን ረገጥ አድርጌ፣ «የጎማውን ንፋስ» አልኩት።

«ይኸው፣ ዳኛ መጣ!» አለ ሰይድ ክሪኩን እየጎተተ። ጀማል ሰማይ ሰማይ አየ፤ ቢሆንም ሚስቱን ዞር ብሎ አያትና አልተከራከረኝም።

የመጀመሪያው አዲስ ቸርኬ ሲወርድ፣ የድሮው ሲተካ ቆሜ አየሁ። ብረቱ ያንሳል፣ ጎማው ደልደል ያለ ነው፤ በብረቱና በመንገዱ መሀል ለንፋስ ቦታ አለው። ያን ጊዜ የጎደለችው አንዲት ቃል ነበረች። ብናገራት ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር? አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ የነበረውን የቤቱን ጸጥታ ነው።

ሐያት ወደ ወንበሯ ተመልሳ ወገቧን እያሸች ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ቀለል ብሎት ነበር።

«እትዬ» አለችኝ እየሳቀች፣ «እርስዎ ግን ሳይወልዱ ይሄን ሁሉ ከየት አወቁት?»

ዘንቢሌን አነሳሁ፤ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።