የአቶ ደምሴ ጨጓራ

ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው የልጅ ልጄ ማርታ ባለፈው ስልኳ ላይ እያነበበች ቀና አለችና «እቴቴ፣ ዲስፔፕቲክ ማለት ምንድነው?» አለችኝ። ምግብ የማይፈጭለት፣ በዚያው ደግሞ ነጭናጫ የሆነ ሰው ነው አልኳት። ጨጓራና ንዴት በአንድ ቃል መሆናቸው አሳቃት። እኛስ ሰው ሲያናድደን «ጨጓራዬን ላጠው» እንል የለ?

ቃሉን የተማርኩት ካዛንቺስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በሙከራ ታይፒስት ሆኜ ስሠራ ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደምሴ ጠዋት ጨዋ፣ ከሰዓት በኋላ እሳት ነበሩ። ቋሚ የምሆነው እሳቸው ሲፈርሙልኝ ነው፤ አባቴ ታሞ ስለተኛ ታናናሾቼ የሚያዩት የእኔን እጅ ነበር።

ምሳ የምንበላው በአንድ ትሪ ነው። ሁሉም ምሳ ዕቃውን ይገለብጣል፣ ጉርሻው ከአለቃ ይጀምራል። አዋዜና ቃሪያ የበዛበትን መርጠን እናጎርሳቸዋለን፤ ለአለቃ አልጫ አይጎረስም። ከሰዓት ይቆጣሉ። በተቆጡ ቁጥር፣ ነገ ይለዝቡ እንደሆነ ብለን ጉርሻውን እናተልቃለን። ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ከቢሯቸው ተቆጥተውት ሲወጣ ያንን ቃል አጉተመተመ። ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ክፉ» እና «ማብሰል» ከሚሉ ቃላት የተገጠመ። ሆዱ እህሉን አላበስል ያለው ሰው እንደ ማለት ነው። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ከሰዓት የሚያነዳቸው የእኛው ቃሪያ ነው።

ለአንጋፋዋ ጸሐፊ ለወይዘሮ አስካለ ብነግራቸው፣ «አላጎርስም ብለሽ ቅጥርሽን ልታጪ ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በወረቀት ቋጥሬ በሐምሌ ዝናብ በባምቢስ በኩል ይዤው መጣሁ። የማጉረስ ተራዬ ሲደርስ እጄን አልዘረጋሁም። ከምሳ በኋላ ተልባውን በጥብጬ ቢሯቸው ገባሁ። ጨጓራ ይዞዎታል መሰለኝ፣ ቃሪያውን ቢተዉት አልኳቸው። ጠጥተው ጨረሱ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሐኪምም ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን እሺ ይላሉ?»

«ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤት የሚያጎርሰኝ የለም፣ ልጄ።»

ባዶውን ብርጭቆ አንስቼ ወጣሁ።

ወይዘሮ አስካለ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲያ የአለቃ ጉርሻ አልጫ ሆነ። የሙከራ ጊዜዬ ሲያበቃ አቶ ደምሴ ፈረሙልኝ። ቁጣቸው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ጠባይም ነበረበት።

ያ ቢሮ ዛሬ ፈርሷል። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቡልጋሪያ አካባቢ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ጨጓራም ከያዘኝ ቆይቷል። ቅዳሜ ቃሉን ፈትቼላት ምሳ ቀረበ። ማርታ ጥብሱን አዋዜ አስነክታ ጠቀለለችና «እቴቴ፣ በሞቴ» አለች። እንደሚያቃጥለኝ አውቄያለሁ። አፌን ከፈትኩ።