ግመሉን ማን ፈታው

ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ባየች ቁጥር ስንቅነሽን ያቅበጠብጣታል። ልታስታርቃቸው እንዳይመስላችሁ። ማስታረቅ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ጺም ይፈልጋል፣ እሷ ሁለቱም የላትም። የእሷ ነገር ሌላ ነው፦ ሰዎቹ ሳያውቁት አንድ ድስት ውስጥ ትከታቸዋለች፣ ከዚያ ዳር ቆማ ትስቃለች።

ይሄ አመሏ የቆየ ነው። ከጎንደር በመተማ አድርጋ ካርቱም የገባች ጊዜ አል-ማንሺያ ውስጥ አንድ ሀብታም ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች። የእመቤቷ ግቢ ሎሚ በሎሚ ነው፣ ፍሬው መሬት ወድቆ ይበሰብሳል። የጎረቤት ግቢ ደግሞ ዶሮ በዶሮ ነው። ሁለቱ እመቤቶች በአንድ ሰርግ ላይ በመቀመጫ ቦታ ተቀያይመው ሰላም አይባባሉም። ስንቅነሽ ከጎረቤቱ ዘበኛ ከተድላ ጋር ተማከረችና ሎሚው በአጥር ላይ ሲሄድ እንቁላሉ በአጥር ላይ ይመጣ ጀመር። እመቤቶቹም በየፊናቸው "የኔዋ እኮ ከየትም ብላ ታመጣለች" እያሉ እንግዳ ፊት ይኮሩ ነበር። ተድላን ኋላ አገባችው። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

ከማንሺያ ወጥታ እዚያው ካርቱም፣ ቡሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። የሰፈሩ ሰው "ሐጃ ሲንቅ" ይላታል። አንገቷ ላይ ማተብ አስራ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾማ፣ ሐጃ! መጀመሪያ ላይ ታርማቸው ነበር፤ ኋላ ግን ለትልቅ ሴት የሚሰጥ ክብር መሆኑ ሲገባት ዝም አለች። እንዲያውም ሳይሏት ሲቀሩ ቅር ይላታል።

ጦርነቱ መጣና ምግብ ቤቱን ጠራርጎ ወሰደው። ጥይቱ ከከተማው ርቆ ሰው ወደ ሰፈሩ መመለስ ሲጀምር ስንቅነሽም ተመለሰች፤ ከፍርስራሹ ውስጥ ያገኘችው አንድ ትልቅ ድስት ብቻ ነው። በዚያ ድስት ተኪያ ተጀመረ። ተኪያ ማለት ሰፈርተኛው ያለውን አዋጥቶ የሚበስልበት፣ የቸገረው ሁሉ ሳህኑን ይዞ የሚሰለፍበት ወጥ ቤት ነው። ስንቅነሽ ታማስላለች፤ የወሎዋ ፋሪሃ፣ እሷም የሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ናት፣ ትከትፋለች ታጥባለች። ከውጭ ይመጣ የነበረው የእርዳታ ዱቄት ግን አንድ ቀን ቀረ፣ ቀረ ቀረ።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ። በዚያው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት አለ፣ ባለቤቱ ሽማግሌው ዐም ሀሰን ናቸው፤ ዐም ማለት አጎት እንደማለት ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ የዘይት መጭመቂያ አለ፣ የሙስዐብ ነው። የሙስዐብን መጭመቂያ የሚያዞረው ግመል ነው፤ መብራት ኖረ አልኖረ ሰሊጡ ይጨመቃል። ወፍጮው ፉርሽካ ይተርፈዋል፣ ግመሉ በረሃብ አጥንቱ ወጥቷል። ማሽላ የሚሸጥበት ገበያ ሩቅ ነው፣ የጋሪው ኪራይ የተኪያውን መዋጮ ይበላዋል፤ ግመሉ ደግሞ ከቀትር በኋላ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ሕፃን ልጅ እንኳ ገጣጥሞ ይጨርሰዋል።

ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ግመሉ ገመዱን በጥሶ ወፍጮ ቤት ገባና አንድ ጆንያ የዐም ሀሰንን ማሽላ ሙልጭ አድርጎ በላ። ዐም ሀሰን ግመሉን ሰደቡ። ሙስዐብ ስለ ግመሉ ክብር የዐም ሀሰንን ወፍጮ ሰደበ። ከዚያ ወዲያ ዐም ሀሰን ፉርሽካቸውን ወስደው ወንዝ ይደፋሉ። ሙስዐብ ደግሞ በዚያ ወፍጮ ዱቄት ለሚሠራ ምግብ የዘይት ጠብታ አልሰጥም ብሎ ማለ። ስንቅነሽን የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ የገዛ አገሯ ውሃ፣ ዓባይ፣ የሰፈሯን ፉርሽካ ተሸክሞ ወደ ግብፅ ሲነጉድ የሰፈሯ ግመል በረሃብ ይሞታል።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም እግር በእግር ተከታትለው ገቡ። እስላሙም ጾመ፣ ክርስቲያኑም ጾመ፣ ወደ ማታ የሚሰለፈው ሳህን በዛ። የማሽላው ጆንያ ሲታይ ግን ከሳምንት አያልፍም። ስንቅነሽ ፈራች። ድስቱ ከተደፋ እነዚያ ሳህን የያዙ አሮጊቶች ወዴት ይሄዳሉ? እሷስ? ድስቱ እያለ ሐጃ ሲንቅ ናት፤ ድስቱ ከሌለ የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው ያለፈበት አንዲት ሐበሻ ናት።

በደህናው መንገድ ሞከረች። ዐም ሀሰን ዘንድ ሄዳ ስለ ፉርሽካው ለመነቻቸው፤ አሳ ይብላው እንጂ ያ ግመል አይቀምሰውም አሉ። ሙስዐብን ማሽላ በግመሉ እንዲያመላልስ ለመነችው፤ መጀመሪያ ሽማግሌው ግመሉን ይቅርታ ይጠይቀው አለ። ግመሉን! ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ሁለት ዝሆኖች ሲራገጡ ሣሩ ይጎዳል ይባላል፤ እዚህ ግን ዝሆኖቹም ከስተዋል።

አሁን የቡሪን የረመዳን ልማድ ማወቅ አለባችሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ ሰሌን አውጥተው መንገድ ላይ ያነጥፋሉ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ ያፈጥራል። መኪና እንኳ አያልፍም። በዚህ ደግሞ ዐም ሀሰንን የሚስተካከል የለም፤ ሰሌናቸውን ከወፍጮው ፊት አንጥፈው፣ የራሳቸውን ጥምጥም ፈትተው እንደ ገመድ ገትረው መንገዱን ዘግተው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ሙሉ ሚኒባስ ሰው አስወርደው አብልተዋል። በእኔ ሰሌን በኩል ጾመኛ ሳይበላ አልፎ አያውቅም ብለው ይምላሉ፣ እውነትም ነው። ሙስዐብ ይህን ስለሚያውቅ በዚያ ሰዓት በኋላ በር ዞሮ ይሄዳል።

ስንቅነሽ ይሄን ስታሰላስል ፊቷ በራ። ፋሪሃን ጎትታ ድስቱ ጀርባ ወሰደቻትና አዛን ሊል ሲል ግመሉን ፍቺው አለቻት። ግመሉ አንዴ የበላበትን ቤት አይረሳም፤ እሱ ወደ ወፍጮው፣ ሙስዐብ ወደ ግመሉ፣ ሁለቱም ወደ ሰሌኑ። ፋሪሃ አሰበችና ችግር አለ አለች። ግመል መፍታት ትችላለች፣ ግን ጾመኛ ናት፣ ማን ፈታው ተብላ ብትጠየቅ አትዋሽም።

ስንቅነሽ መዋሸቱን ለእኔ ተይው አለቻት።

"የአንቺስ ጾም፣ እትዬ?" አለች ፋሪሃ።

"የእኔም አይወድም። ግን የንስሐ አባቴ ጎንደር ናቸው፣ ኔትወርክ ሲኖር ደውዬ እነግራቸዋለሁ።"

በዚያች ማታ ሰሌኑ ተነጥፏል፣ ዓሲዳው፣ የማሽላ ገንፎው፣ ቀርቧል፣ ወንዶቹ ተምር በእጃቸው ይዘው አዛኑን ይጠብቃሉ። ግመሉ ከመጭመቂያው በኩል ብቅ አለ። ስንቅነሽ ወደ ወፍጮው በር ያልፋል ብላ ነበር ያሰላችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው! ግመሉ ቀጥ ብሎ መጥቶ አፉን የጾመኛው መጠጥ ባልዲ ውስጥ ነከረ። ጾመኞቹ ዓይናቸው እያየ የእነሱን ማፍጠሪያ ግልብጥ አድርጎ ጠጣው። ከኋላው ሙስዐብ በአንድ እግሩ ጫማ እያለከለከ ደረሰ። ያኔ አዛኑ ተሰማ።

ሰው ሁሉ ዐም ሀሰንን ያያል። ስንቅነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆመች፤ ሽማግሌው ባልዲውን አይተው "ሂድ" ካሉ ነገሩ ያኔውኑ አለቀለት፣ ድስቱም አለቀለት። ዐም ሀሰን ባልዲውን አዩ፣ ግመሉን አዩ፣ ጾሙን ያልፈታውን ሰውዬ አዩ። ቀስ ብለው ተነሱና ጥምጥማቸውን ፈትተው በሙስዐብ ፊት መንገዱን ዘጉት።

"ኢትፈደል፣ ቅረብ" አሉት፤ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው።

በአዛን ሰዓት የቀረበን ምግብ እምቢ ማለት ዐይብ፣ ትልቅ ነውር ነው፣ ሙስዐብም እምቢ አላለም። ተቀመጠ። አንድ ትሪ ላይ ናቸውና እጃቸው ዓሲዳው ውስጥ ይገጫጫል፤ ሁለቱም አላየሁም ይላሉ። ሆዱ ሞቅ ሲለው ግን ሙስዐብ የግመሉን ገመድ አንስቶ አገላበጠና ይህን ግመል ማን ፈታው ሲል ጠየቀ። ፋሪሃ ወደ መሬት አየች። ስንቅነሽ ገመዱ አርጅቶ ተበጠሰ አለች። ሙስዐብ ገመዱን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ፤ አዲስ ገመድ ነው፣ ምንም አልሆነም። እንግዲያው በጥርሱ ፈታው አለች፤ አንዴ ከገባችበት ወዲያ ምን ታድርግ።

ወንዶቹ ሳቃቸውን ለመያዝ አፋቸውን በዓሲዳ ሞሉ። የዐም ሀሰን ፊት ብቻ አልተለወጠም። እንዲህ ያለ ብልህ ግመል መራብ የለበትም አሉና ፉርሽካ አስወጡለት። ሙስዐብም ወደ ትሪው እያየ፣ ግመሉ ከቀትር በኋላ ሥራ እንደሌለው፣ የገበያውን መንገድም እንደሚያውቅ ተናገረ። ወደ ቤቱ ሄዶ ሲመለስ አንድ ጀሪካን ዘይት ተሸክሞ ነበር። ድስቱ አጠገብ አስቀመጠውና ሄደ።

ስንቅነሽ ከደስታዋ ብዛት የምትሆነውን አጣች። እነዚህን ሁለት ግትሮች አታለልኳቸው ብላ ልቧ አበጠ። ሰው ሲበተን ዐም ሀሰን ባዶውን ትሪ ራሳቸው ይዘውላት መጡ።

"ፋሪሃ ስትፈታው ከወፍጮው በር ሆኜ አይቻታለሁ" አሉ ቀስ ብለው።

ስንቅነሽ ደነገጠች።

"ረመዳን ከገባ ጀምሮ በየማታው የፉርሽካውን ጆንያ በር ላይ ከፍቼ አስቀምጣለሁ። ግመሉን የሚፈታ ጠፋ እንጂ።"

ተናደደች፣ እውነቷን ነው። ለዚህ ነው እንዴ በጾሟ የዋሸችው? ታዲያ በመጀመሪያው ቀን፣ እሷ ቆማ ስትለምናቸው፣ እሺ ሐጃ ብለው ፉርሽካውን ለምን አልሰጡም? ይህንኑ ጠየቀቻቸው።

ዐም ሀሰን ጥምጥማቸውን መልሰው እየጠመጠሙ "ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰጥም ባልኩበት አፌ?" አሏት።