በግምገማ የጸደቀ ቀን

ማክሰኞ ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በነበረ፣ ዛሬ ግን በሌለ አንድ የዘር መፈተኛ ጣቢያ፣ ለእኔ በተመደበው ኮምፒውተር ላይ አንዲት ፓኬጅ ለመጫን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሞከርሁ፤ ለአሥራ አንደኛ ጊዜም ያንኑ ቀይ መስመር አነበብሁ። ሙከራዎቹን በማስታወሻ ደብተሬ በተራ ቁጥር እመዘግብ ስለነበር ቁጥሩ ትክክለኛ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አር በነጻ የሚገኝ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው። ለየት ላለ ስሌት ግን ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው በኢንተርኔት ያስቀመጧቸውን ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ ፓኬጅ የሚባሉትን፣ አውርዶ መጫን ያስፈልጋል። ማንም የማያዝዘው የግል ኮምፒውተር ላለው ሰው ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የእኔ ላፕቶፕ በኅዳር ወር የሮቢትን ሙቀት መቋቋም አቅቶት ስለተቃጠለ፣ የሦስት ዓመት መረጃዬን ይዤ በጣቢያው ኮምፒውተር እጅ ወደቅሁ።

መረጃው የማሾ፣ የትንሿ አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ነበር። በቀወት ወረዳ ቆላ ስምንት ዕጩ ዝርያዎችን ለሦስት ክረምት ዘርተን ነበር። ከእነርሱ አንዷ ከሌሎቹ ቀድማ ትደርሳለች። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ በነሐሴ ጥሎን ሲሄድ ሌሎቹ አበባቸውን አረገፉ፤ እርሷ ግን ፍሬ ቋጠረች። ነገር ግን ግጦሽ ያጣ ከብት ገብቶ ሁለት መደቦቿን በልቶባታል፤ የተረፉላትም ድንጋያማው ዳገት ላይ ያሉት ነበሩ። ተራ አማካይ ቢወሰድ አራተኛ ትወጣለች። ይህን ያልተካከለ ሁኔታ አገናዝቦ ለማስላት ያቺ ፓኬጅ ታስፈልጋለች። ውጤቱ ደግሞ በማግስቱ ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ለዝርያ ገምጋሚው ቡድን በኢሜይል መድረስ ነበረበት። ካልደረሰ ዝርያዋ ከዝርዝሩ ትወጣለች፤ ከዝርዝር የወጣ ዝርያ ዘር ደግሞ ከየገበሬው ቤት ተለቅሞ ይወገዳል።

የዚያ ዘር ጠባቂ በዚያች ሰዓት ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ለሦስት ዓመት መሬታቸውን ለሙከራ የሰጡን አዛውንት ገበሬ ናቸው። ውጤቱን ሊሰሙ ከቀትር በፊት በባጃጅ መጥተው፣ እስኪነገራቸው ድረስ ላለመነሣት የወሰኑ ይመስሉ ነበር።

የጣቢያው ኮምፒውተሮች አያያዝ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ፍላሽ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች፣ ቫይረስ ገብቷል በተባለ ማግስት፣ በሙጫ ተደፍነዋል። ኢንተርኔት በሚከፍተው አሳሽ፣ በብራውዘሩ፣ በኩል ፋይል ማውረድ ተከልክሏል። ፕሮግራም በሚቀመጥበት ሥፍራ ላይ መጻፍም ተከልክሏል። ይህን የመጨረሻውን በራሴ ሰነዶች ሥር ለፓኬጆች የተለየ ማኅደር ከፍቼ አለፍሁት። ቢሮው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበትን አድራሻም፣ እንደ መንግሥት ምሥጢር ከሚጠብቁት ሰዎች፣ በሁለት ቀን ልመና አገኘሁ። የቀረው ቀይ መስመር የሚለው፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን አድራሻ ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም ነው።

የአይሲቲ ባለሙያውን አስጠራሁት። ወገቡ ላይ የቁልፍ እሽግ ያንጠለጠለ፣ ከቁልፎቹ ውስጥ አንዱ እንኳ የሚከፍተው በር አይቼ የማላውቅ ሰው ነበር። ስክሪኑን ከሩቅ አየው።

«እትዬ፣ ኔትወርክ ነው።»

«ኔትወርኩ ምን ሆነ?»

«ደከመ። ከላይ ነው።»

«ኢሜይል ይሠራል እኮ። ኔትወርክ ቢሆን እርሱም አይሠራም ነበር።»

አሰበ። «አጥፍተው አብርተውታል?»

«አራት ጊዜ።»

«እንግዲህ አምስተኛ ይሞክሩ» አለና ቁልፎቹን እያንቃጨለ ሄደ። አዛውንቱ በር እስኪዘጋ ጠብቀው፣ «ይህ ልጅ ደመወዝ አለው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንዳለው ነገርኋቸው። «ሱብሃነላህ» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቢሮው ቀን መናገር ይገባኛል። ከሁለት ዓመት በፊት በተደረገ ግምገማ ላይ፣ ከጣቢያው የሚወጡ ደብዳቤዎች የፈረንጅ ቀን እየታተመባቸው መሆኑ እንደ ድክመት ተነሣ። የጣቢያው ኃላፊ ድክመቱን በአንድ ሌሊት አረመው፦ የሰርቨሩ ቀንና ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲዞር አዘዘ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ቀናቸውን የሚወስዱት ከሰርቨሩ ስለሆነ አብረው ዞሩ፤ ሠራተኛም መልሶ እንዳይነካው ተቆለፈ። የሆነው ነገር ኮምፒውተሮቹን አማርኛ ማስተማር አልነበረም፤ በሌላ ዘመን ውስጥ ነን ብለው እንዲያምኑ ማድረግ ነበር። ጥር አምስተኛው ወር ስለሆነ ለኮምፒውተሩ የፈረንጆቹ ግንቦት፣ ሜይ ነው። ያን ዕለት ማክሰኞን ቅዳሜ ይለው ነበር። ጥቅምት ለእርሱ የፈረንጆቹ አጭር የካቲት፣ ፌብሩዋሪ ነውና ጥቅምት 30 የሚባል ቀን በእኛ ጣቢያ አልነበረም፤ ባለሙያው ሰርቨሩን በእጁ ወደኋላ እየጎተተ በዚያ ዓመት 29ኛውን ቀን ሁለት ጊዜ አዋለው። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚያውቅ ኮምፒውተር በዓለም ላይ ስለሌለ፣ በጳጉሜ ማሽኖቹ ጠፍተው ሠራተኛው መጋዘን ይጠርጋል፤ ጥረጋውም የካይዘን ትግበራ ተብሎ በሪፖርት ይገባል። ይህ ሁሉ «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት፣ በመስታወት ተገጥሞ በኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እኔ ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አየሁ፤ ናቅሁት፤ ዝም አልሁ። ከፓኬጇ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ንቀት አንድ ጉዳት አለው፤ የናቁትን ነገር ሁለተኛ መመርመር ያስቀራል።

ያገናኙት አዛውንቱ ናቸው። በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቁጥር ሲያዩ ቆይተው በጣታቸው አመለከቱ።

«እህቴ፣ ይህ የእኛ ዘመን አይደለም እንዴ? ሁለት ሺህ ስምንት።»

«ነው፣ ጋሼ።»

«ዕቃው የፈረንጅ አይደል? የልጄ ስልክ እንኳ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ነው የሚለው።»

«እዚህ ቤት በእኛ እንዲቆጥር ታዟል።»

«እሺ አለ?»

«ማን ጠየቀው።»

ሳቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ሦስት ቁጥር ነው ያለኝ። ለጾምና ለዒድ ጨረቃዬን አያለሁ። ለቀበሌና ለገበያ ይህን የአገሩን። ማሾ የሚረከበኝ ነጋዴ ደግሞ በፈረንጅ ቀን ነው የሚዋዋለኝ። አንዱን ካንዱ ብደባልቅ፣ ወላሂ፣ ጆንያዬን ተሸክሜ ስሄድ፣ ቀንህ ገና ነው ብሎ ከደጅ ያቆመኛል።»

እጄ ከኪቦርዱ ላይ ተነሣ። የፓኬጆቹን አድራሻ በአሳሹ ከፈትሁና፣ ሁልጊዜ የሚወጣውን ማስጠንቀቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ማስጠንቀቂያው በጣቢያው የታወቀ ነበር። የቢሮው ጸሐፊ በዚያ ኮምፒውተር መሥራት በጀመርሁበት ሳምንት፣ «እሱ ዝም ብሎ ይጮኻል፤ ቀጥል የምትለውን ተጭነሽ እለፊው» ብላ መክራኝ፣ ሁሉም ሰው እንዲሁ እየተጫነ ኢሜይሉን ይልክ ነበር። አር ግን የምትጫን «ቀጥል» የለችውም። ማስጠንቀቂያው የሚለው ግልጽ ነው። እያንዳንዱ አስተማማኝ አድራሻ መታወቂያ አለው፤ መታወቂያውም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ይላል። የዚያ አድራሻ መታወቂያ በፈረንጅ 2015 የተሰጠ ነው። የእኛ ኮምፒውተር ያለው 2008 ላይ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ይዞ የመጣን እንግዳ ማን ያስገባል? ማሽኑ ትክክል ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራ እርሱ ብቻ ነበር።

ባለሙያውን መልሼ አስጠራሁትና አሳየሁት። እንደገባው ከፊቱ ታወቀኝ፤ መግባቱም አላስደሰተውም።

«ቀኑን መንካት አልችልም፣ እትዬ። በቃለ ጉባኤ የታሰረ ነው።»

«የዚህን የአንዱን ኮምፒውተር ብቻ። ለአንድ ሰዓት።»

«ግምገማ ላይ ይነሣብኛል። ደግሞ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከዞን እንግዶች አሉ። ሊጎበኙት የሚመጡት እሱኑ ነው።»

«ቀኑን?»

«ተሞክሮውን።»

ኃላፊው ከስብሰባ የተመለሰው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዲፕሎማውን በምን እንደያዘ ማንም አያውቅም፤ እርሱም አይናገርም። ቆሜ አስረዳሁት። እስክጨርስ ድረስ ስልኩን ሲነካካ ነበር።

«ይህ የአመለካከት ችግር ነው» አለ። «የራሳችንን ዘመን መቁጠር ኋላ ቀርነት ነው እያልሽ ነው?»

«ከዘመን አቆጣጠራችን ጋር ጠብ የለኝም። ያጣላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር።»

«ሌላው ሠራተኛ እንዴት ሠራ? በአንድ ለአምስት አደረጃጀትሽ ተወያይታችሁበታል?»

አምስታችንም የተለያየ ሥራ የምንሠራ መሆናችንን፣ ከመካከላችን አንደኛው የጥበቃ ኃላፊ መሆኑን ነገርሁት። ውይይት ግን መቅደም እንደነበረበት አሳሰበኝ። በመጨረሻ በጽሑፍ እንዳቀርብ፣ ጉዳዩም ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በማኔጅመንት እንደሚታይ ተናገረ። አንድ ገጽ ጻፍሁ። መሸኛ ላይ ቁጥር ለመስጠት መዝገብ ቤት ሦስት ፊርማ ጠየቀኝ፤ ሦስቱንም አስፈረምሁ። አዛውንቱ ከበር ጠበቁኝ።

«ምን አሉ?»

«ጠዋት ይሰበሰባሉ፣ ጋሼ።»

«በዘሩ ላይ?»

«በቀኑ ላይ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘሩን አስቀምጬዋለሁ። ያረቢ ያለው ይሆናል» ብለው ከተማው ውስጥ ወዳለች እህታቸው ቤት ለማደር ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ስድስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አዛውንቱ ከደጅ አግዳሚው ላይ ነበሩ፤ መስኮቱ ስለተከፈተ ሁሉንም ይሰማሉ። ጽሑፌ ተነበበ። የፋይናንስ ኃላፊው እጁን አውጥቶ፣ በዚያኛው ጫፍ ላሉት ሰዎች መታወቂያቸውን ከእኛ ጋር እንዲያጣጥሙ ደብዳቤ ቢጻፍላቸው ምን እንደሚጎዳ ጠየቀ። ሁለት ሰዎች ደገፉት። በስንት ቀን መልስ ይመጣል በሚለው ላይ አሥር ደቂቃ ፈጁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደግሞ ፓኬጇ በኛ አገር ተሠርታ ቢሆን ኖሮ ይህ ችግር አይፈጠርም ነበር አለች፤ ይህም በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላት ጠየቀች፤ ተያዘላት። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

«የምጠይቀው አንድ ኮምፒውተር ነው» አልሁ። «ውጤቱ ዛሬ ካልተላከ የሦስት ዓመት ሥራ ይወድቃል፤ የወደቀበትን ምክንያት ለገምጋሚው ቡድን በጽሑፍ የማሳውቅም እኔ ነኝ።»

ስለ ሥራው ያልኋትን ማንም አልሰማትም። ስለ ጽሑፉ ያልኋትን ግን ኃላፊው ሰማት፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። የጨነቀው ግን ሌላ ነገር መሆኑን አወጣው፦ እንግዶቹ ቢሮ ለቢሮ ሲዘዋወሩ አንዱ ስክሪን ላይ 2016 ቢያዩስ? ከዚያ የአይሲቲ ባለሙያው፣ ለዓመታት ካየሁት ሥራው ሁሉ የላቀውን ሐሳብ አቀረበ።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነውና የሚተረክ ነገር የለውም። ፓኬጇ በሁለት ደቂቃ ተጫነች፤ ዝርያዋ በተገቢው ስሌት አንደኛ ወጣች፤ ውጤቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተላከ፤ ዘሩም በአዛውንቱ ጎተራ ቀረ። ሊመዘገብ የሚገባው የባለሙያው ሐሳብ የወለደው ውሳኔ ነው። ጥር 25 ቀን ጠዋት፣ በስድስት ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ እንዲህ ተወሰነ፦ ለባለሙያዋ የተመደበው ኮምፒውተር ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲስተካከል፤ ኮምፒውተሩም ባለሙያዋም እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ወደ ዘር መጋዘኑ እንዲዛወሩ፤ የኔትወርኩ ገመድ በመስኮት እንዲገባላቸው፤ የመጋዘኑም በር ከውጭ እንዲዘጋ።