የልምምድ ኑዛዜ

ያሳደጉኝን አክስቴን፣ እትዬ አስካለን፣ ለምኜ የመዝናኛ መርከብ ላይ ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ። ቴክሳስ ውስጥ ከምንኖርባት ከዩለስ ከተማ ጋልቬስተን ወደብ ድረስ ነድተን፣ ገና ሻንጣችንን ሳናሳርፍ ጥሩምባው ጮኸና ሁሉም ሰው ለአደጋ ጊዜ ልምምድ ወደ መርከቧ ሰገነት እንዲወጣ ታዘዘ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ተሳፋሪው "ለመዝናናት መጥተን እንደ ተማሪ ያሰልፉናል እንዴ?" እያለ ያጉረመርማል። እኔም የማነበው ገጽ እንዳይጠፋብኝ ጣቴን መጽሐፉ ውስጥ አስገብቼ፣ በሆዴ እያማረርኩ ቆምኩ። ልምምድ መሆኑን ለአክስቴ መንገር ትዝም አላለኝ።

እሳቸው ከድምፅ ማጉያው የገባቻቸው "ኢመርጀንሲ" የምትለዋ ቃል ብቻ ናት። የነፍስ አድን ጃኬቱን እንዳጠለቁ ክንዴን ጨመደዱት።

"ልጄ፣ ይቅር በይኝ።"

"ምኑን እትዬ?"

"ያ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመታው ዮናስ ሽማግሌ ልኮብሽ ነበር። 'ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም ብላለች' ብዬ መለስኳቸው።"

ጣቴ ከመጽሐፉ ወጣ። ዮናስን እወደው ነበር፤ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አውጥቼለት አላውቅም። እሱም ልብ የማይለኝ ይመስለኝ ነበር። አምና ሰርጉ ላይ አጨብጭቤ ተመልሻለሁ።

"እትዬ፣ መርከቧ እኮ ምንም አልሆነችም። ልምምድ ነው" አልኳቸው።

አክስቴ ዙሪያቸውን አዩ። ሰዉ እየሳቀ ጃኬቱን ያወልቃል። እሳቸውም የጃኬታቸውን ማሰሪያ ቀስ ብለው ፈቱና፣

"እንግዲያው አልሰማሽኝም" አሉኝ።