ጋሽ ደምሴ ሳይሞቱ የተለፈፈላቸው ጠዋት

ቤቴል ያለው የአባቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ አሮጌ ጡሩምባ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ ለጌጥ የተገዛ ይመስለዋል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የልጅነቴ ኮልፌ፣ ዝናብ ያደረበት ጭቃዋና የባሕር ዛፍ ሽታዋ ይመጣብኛል።

አያቴ የሰፈራችን እድር ለፋፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጡና ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ጀምረው በየቅያሱ እየነፉ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ሰው ባልሞተበት ቀንም ቤት አይቀመጡም፤ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓይኔን ያስጨፍኑኝና የቅያሱን አባወራዎች በተራ እንጠራለን። አንድ ቤት የዘለለ ተሸናፊ ነው፤ ሁልጊዜ የምሸነፈው እኔ ነበርኩ።

አባቴ ሥራው ሲቃናለትና ቤታችንን በብሎኬት ሲያሠራ፣ ሽማግሌ አባቱ በብርድ ጡሩምባ ሲነፉ መታየታቸው አሳፈረው። «ከእንግዲህ ቁጭ ብለው ይጦሩ እንጂ፤ ሰው ምን ይለኛል?» አላቸው። እድሩ ጎልማሳ ተካ፤ ጡሩምባውም አልጋቸው ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ እናቴ ትቀድማቸዋለች፤ ወደ በር ሲያመሩ ወንበር እንስብላቸዋለን። ክብር መስሎን ነበር። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እየዋሉ፣ ቀስ በቀስ እኔን በአክስቴ ስም መጥራት፣ ቁርስ በልተው ሳለ ቁርስ አልቀረበልኝም ማለት ጀመሩ። ጨዋታችንም ከጎረቤታችን ቤት አላልፍ አለ። አባቴ ይህን ሲያይ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል።

አንድ ጠዋት ጡሩምባው ከደጃችን ተነፋ። «አቶ ደምሴ ስለሞቱ ለቀብር ውጡ!» የሚሉት አያቴ ነበሩ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ደምሴ ማታ እኛ ቤት ሲያወጉ አምሽተው የሄዱ ጤነኛ ሰው ናቸው። ምናልባት ከሰፈሩ ስም ሁሉ ያን ቀን ለአያቴ የመጣላቸው የጋሽ ደምሴ ብቻ ይሆናል። ሰፈሩ ግን የለመደው ድምፅ ነውና አልተጠራጠረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እድርተኞቹ ድንኳን ተሸክመው ከጋሽ ደምሴ ደጅ ደረሱ። ለቅሶው ሲቀልጥ ጋሽ ደምሴ መፋቂያ በአፋቸው እንደያዙ በሩን ከፈቱ።

ሳቅና እልልታ ተደባለቀ። አያቴ ግን ነገሩ ሲገባቸው ጡሩምባውን ጣሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። አባቴ በኀፍረት ቀልቶ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤት ሊወስዳቸው ሲል ጋሽ ደምሴ ከለከሉት።

«ተው አንተ! ቤት መዋሉ አይደል እንዲህ ያደረጋቸው? አባባ፣ በቁሜ ቀብረውኛልና ካሳዬን እፈልጋለሁ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከኔ ጋር ሰፈሩን ይዞራሉ።»

በማግስቱ ካፖርቱን ያለበሳቸው አባቴ ራሱ ነበር።

ሁለቱ በየጠዋቱ ያለ ጡሩምባ፣ ለሰላምታ ብቻ፣ በየበሩ ያንኳኩ ጀመር። የጠፋው ሁሉ አልተመለሰም፤ እስከ መጨረሻው ስሜ ከአክስቴ ስም ጋር እንደተደበላለቀባቸው ኖረዋል። አንድ ሰንበት ግን ዓይኔን አስጨፍነው ቅያሱን አንድም ቤት ሳይዘሉ እስከ ማዞሪያው ድረስ ጠሩት። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል።

ዛሬ የሰው ስም የሚያስታውስልኝ ስልኬ ነው። እድሩም መርዶውን የሚልክልኝ በዚያው ነው፤ ከጎኔ ያለውን ቤት ሰው ስም ግን አላውቅም። አባቴ ደግሞ የአያቴን ዕድሜ ይዟል። በቀደም ልጠይቀው ስሄድ ዘንቢሉን ይዞ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አገኘሁት። ሰማዩ ዝናብ አዝሏል። «ቁጭ በል አባዬ፣ እኔ እሄዳለሁ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ዘንቢሉን ወደ ኋላው ሸሸገና ቀና ብሎ ጡሩምባውን አየ።

«አይሆንም ልጄ» አለኝ፤ «እኔ አባቴን ቁጭ አድርጌ አይቻለሁ።»

ጎረቤቶቹን በየስማቸው እየጠራ ሰላም ሲል፣ ከኋላ ከኋላው እየሰማሁ ተከተልኩት።