ለሰርቨር የላክሁት ሽማግሌ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለሴት ልጅ ሽማግሌ የላከ ሞልቷል፤ ለአሮጌ ሰርቨር ሽማግሌ የላክሁ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ፣ ሠርግ እቀርጻለሁ። ከደምበጫ እስከ ጉንደ ወይን እኔ ያልቀረጽሁት ሠርግ ቢኖር ሙሽራው የጠፋበት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሠርግ የማከማችባት አንዲት ጥቁር ሣጥን ነበረችኝ፤ አንድ የአዲስ አበባ ቢሮ ዕቃውን በጨረታ ሲያራግፍ የገዛኋት። አራት ሐርድ ዲስክ በሆዷ የያዘች፣ ከኮምፒውተሬ ጋር በኔትወርክ ገመድ የምትገናኝ ማከማቻ ሰርቨር ነበረች። ስትነሣ ዳገት እንደያዘች ባጃጅ ትጮኻለች፤ ከጮኸች በኋላ ግን ታማኝ ናት።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ እሷ ሳትመለስ ቀረች። ቀይ መብራቷን ብቻ እያርገበገበች ታየኛለች። ባለሙያ ጠርቼ ባሳያት «ሲስተሟ ሞቷል። የሠራት ፋብሪካም ትቷታል፤ ከእንግዲህ አዲስ አያወጣላትም» ብሎ ተነሣ። አለቀስሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን የዚያን ቀን ምሳዬን በግማሽ ነው የበላሁት፣ ይህ ደግሞ እኔን ለሚያውቅ ሐዘን ነው። ከዚያ ወዲህ የሠርጉን ቪዲዮ ድጋሚ ፍለጋ ለሚመጣ ሁሉ «ጠፍቷል፣ እግዜር ያጽናዎት» እያልሁ መሸኘት ሆነ ሥራዬ።

ሣጥኗን ግን አልጣልኋትም። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሕፃን ወንበሩ ላይ ሲያጥርብኝ ከሥሩ እሷን አስገባለሁ። የከተማችን ሕፃን ሁሉ ለትምህርት ቤት መመዝገቢያ ፎቶ የተነሣው በወላጆቹ ሠርግ ላይ ተቀምጦ ነው።

ጎረቤቴ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። ሱቃችንን የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ሁለታችንም የአምበር ልጆች ነን፣ አብረን ተምረናል፤ አንዱ ባገኘው ነገር ሌላው እንቅልፍ ሲያጣ ነው የኖርነው። ሸበላ ነኝ ባይ ነው። ጠዋት ጠዋት ለደንበኞቼ በሰቀልሁት መስታወት ፊት ቆሞ ሪዙን ያበጥራል፤ የመስታወቱን ግማሽ የጨረሰው እሱ ነው።

እንዲህ ሪዙን ሲያበጥር ነው አንድ ቀን ሣጥኗን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይቺን ቆርቆሮ አትሰጠኝም?» ያለኝ።

«ምን ልታደርግልህ?»

«ቬንትሌተሯን ልፈታው።»

ፎቶ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን ሞልቶታል። ሰው ካየሁ ደግሞ አላስችል ይለኛል። ሣጥኗን በሁለት እጄ ከፍ አደረግሁና በሙሽሪት አባት ድምፅ «ውሰዳት! መርቄ ሰጥቼሃለሁ። ውለዱ፣ ክበዱ!» አልሁት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ሳይስቅ «አሜን» ብሎ ታቅፏት ወጣ። በእኛ ዘንድ በሰው ፊት መርቀው የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው፤ ቀልዴ ምን ያህል እንዳሠረኝ የገባኝ ኋላ ነው።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ከኮምፔርሳቶው ማዶ እልልታ ሰማሁ። ሞባይል መጠገኛ ውስጥ እልልታ ምን ይሠራል? ጆሮዬን ስሰጥ ደግሞ እልልታውን አወቅሁት። ራሴ የቀረጽሁት ሠርግ ነው! በሩጫ ዞሬ ብገባ ሣጥኗ አረንጓዴ መብራቷን አብርታ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብላለች።

«አልሞተችም እኮ፣ ወንድሜ» አለኝ። «ዲስኮቿ ደህና ናቸው። የተበላሸው ሲስተሟ ነበር። ፍላሽ ላይ ሌላ ሲስተም ጫንሁና በእሱ አስነሣኋት። ሊኑክስ ነው፣ በነፃ የሚገኝ። እንደተነሣ አራቱንም ዲስክ አውቆ አንድ ላይ ገጠማቸው።»

«ዊንዶው ጫንህላት በለኛ!» አልሁት። እንደሚያናድደው አውቃለሁ።

«ዊንዶው አይደለም!» ብሎ ጮኸ። የዚያን ሳምንት ያገኘኋት ድል ይህች ብቻ ናት።

ሣጥኗን ከዋይፋይ አገናኛትና እሱ ሱቅ የገባ ሁሉ የሠርጉን ቪዲዮ በስልኩ ይወስድ ጀመር። ሰው ጠበል የፈለቀ ይመስል ይጎርፋል። «እጁ ይባረክ! ሠርጌን አገኘልኝ!» እያለ ይወጣል። ማን ቀረጸው የሚል አንድ ነፍስ ጠፋ! ዳስ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ፣ በሙሽራ ፈረስ ተረግጬ፣ በሦስት ቀበሌ ውሻ ተነክሼ የሠራሁት ሥራ በአንድ ፍላሽ የእሱ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ እንኳ የእህቷን ሠርግ በስልኳ ይዛ መጥታ «እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!» አለችኝ። የኔን ጭንቅላት ስንት ዘመን አጠገቧ አሳድራ እንዲህ ብላ አታውቅም። ቅናት ጨጓራዬ ላይ ዳስ ጥሎ ደገሰ።

ሽማግሌ ልላክ ያልሁት ያኔ ነው። ሣጥኗን ቢመልስ እሰየው፤ ባይመልስ እንኳ ሥራው የእኔ መሆኑን በሰው ፊት ይመንልኝ። አንድ ቄስ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና የዕድራችንን ዳኛ ለመንሁ።

«ልጄ፣ ለዚህ ነው የጠራኸን?» አሉ አባ።

«አባ፣ እናንተን አፍሮ እንቢ አይልም።»

ሄዱልኝ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ኮምፔርሳቶው ላይ ተለጠፍሁ።

«ኧረ ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ!» ይላል ጎረቤቴ።

«የመጣንበትን ተናግረን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ አባ። ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ የሚሉትን ነው ያሉት። «ጎረቤትህ ልኮን ነው። ሣጥኗን በቀልድ ነው የሰጠሁት፣ ይመልስልኝ ይላል። አልመልስም ካልህም ሠርጉን የቀረጸው እሱ መሆኑን ለሰው ንገርለት።»

«ዘመድ ላማክር» አለ ጎረቤቴ። መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ከዚያ በፊት ግን፣ አባ፣ አንድ ነገር ይዩልኝ» አለ ጎረቤቴ።

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አንዱ፣ ሌላው፣ ሦስተኛውም። ተቀመጡ! መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ሽማግሌ በጎጃም ምድር ሲታይ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ወዲያው ከበሮና እልልታ መጣ። የአባን ልጅ ሠርግ ከፍቶላቸዋል።

«እሷ ናት?» አሉ አባ። ድምፃቸው አንሶ ነበር።

«አዎ፣ አባ። ጥምጥምዎን እያስተካከሉልዎት ነው።»

እሷ ያሏት ባለቤታቸውን ነው፤ ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል። ይህን ቪዲዮ እሳቸውም ጠይቀውኝ እንደ ሌላው ሰው «ጠፍቷል» ብያቸው ነበር። ከማዶ ለረጅም ጊዜ የሰው ድምፅ አልተሰማም። በሣጥኗም በደንበኛውም ቀንቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ግን ያንገበገበኝ የለም። የቀረጽኋቸው እኔ፣ ለአባ መልሶ የሰጣቸው እሱ።

በዚያ መሐል ከቪዲዮው አንድ ቀጭን ፈጣን ድምፅ ዘለለ፦ «አባ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ! ልጅዎን ነው የዳሩት፣ በሬዎን አልሸጡ!»

እኔ ነኝ። ካሜራ ይዤ ከኋላ ስጮኽ። ቪዲዮው ውስጥ ዳሱ በሳቅ አወካ፤ ከማዶም ሽማግሌዎቼ ተከተሉ። አባ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ይህ ጨዋታ አዋቂ ማነው?» አሉ መምህሩ።

«እሱ ነዋ! የላከዎት!»

«ተው እንጂ! እሱ እንዲህ አያስቅም።»

«ድምፁስ የእሱ ነው» አሉ የዕድሩ ዳኛ። «ወዙ ነው የጠፋው።»

ከዚህ በላይ መስማት አልቻልሁም፤ ዞሬ ገባሁ። አባ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ዳኝነታቸውን ሰጡ። «ሣጥኗ እዚሁ ትቀመጥ፤ አንተ ጋ ሕፃን ነው የሚቀመጥባት። ሥራው ግን ያንተ ነው፣ ድምፅህ መስክሯል። አንተም ለመጣው ሁሉ ንገርለት።»

«እኔ መቼ ካድሁ? የጠየቀኝ ጠፋ እንጂ!» አለ ጎረቤቴ። «እነግራለሁ።»

የጠየቅሁትን አገኘሁ። እዚያ ላይ አመስግኜ መውጣት ነበረብኝ።

«እስቲ ያኔ ያልኸኝን አሁን በአፍህ ድገምልኝ» አሉኝ አባ።

ኮሌታዬን አስተካከልሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «አባ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ! ልጅዎን ነው የዳሩት፣ በሬዎን አልሸጡ!»

አባ በትዕግሥት ሰሙኝ። መምህሩ ጣሪያውን አዩ። የዕድሩ ዳኛ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ቪዲዮው ይሻላል» አለ ጎረቤቴና ወደ ኋላ መለሰው። ያ ቀጭን ድምፅ እንደገና ጮኸ፣ አራቱም እንደገና ተንከተከቱ። እኔ በሩን ተደግፌ ያን ጎረምሳ በቅናት ሰማሁት። ቃሉ አንድ ነው፣ ጉሮሮውም አንድ ነው።

«ድገመው እስቲ» አልሁ። ምኑ እንደሚያስቅ ማወቅ ፈልጌ ነበር።