ቤቱን እንደ በሬ የገዙት ሽማግሌ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ክረምት አልፏል። ባስታወስኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል። የምጽፈውም እንደ እኔ ያለ ብልጣብልጥ ካለ ያንብበው ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ «ኢንቨስተሩ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አላስተባበልኩም። ኢንቨስትመንቱ ምን መሰላችሁ? ባንክ ብድሩ ያልተመለሰበትን ቤት በሐራጅ ሲሸጥ በርካሽ እገዛለሁ፤ ቀለም ቀባብቼ በውድ እሸጣለሁ። የሰው ቤት መፍረስ ለእኔ ገበያ ነበር። ለሦስተኛው ቤት ሁለቱን ባጃጆቼን ሳይቀር ሸጬ ገባሁበት። እሱ ካልተሸጠ ባዶ እጄን መቅረቴ ነው።

ቤቱ የእትዬ ዘውዴ ነበር። ባለቤታቸው ለወፍጮ የተበደሩትን ሳይመልሱ ሞቱና ባንኩ ሸጠባቸው። የጓሮው ግድግዳ እርጥበት ጠጥቶ ተበላሽቷል። ጂፕሰም ለጠፍኩበት፤ ላዩን ቀለም ቀባሁት። ከማማሩ የተነሳ እኔው ራሴ ብልሽቱን ልረሳው ምንም አልቀረኝም።

ገዢ ሆነው የመጡት አያ ፈንቴ የሚባሉ የጉና ገበሬ ናቸው። ከተማ ለሚማሩ ልጆቻቸው ቤት ይፈልጋሉ። ጋቢያቸውንና ጭቃ የበላውን ቦቲያቸውን አይቼ «ዛሬስ ባላገር እጄ ገባ» አልኩ በልቤ። ካርታውን ዘረጋሁላቸው። ዞር ብለውም አላዩት።

«ይህን ቤት ማን ነው ያሳደገው?» አሉኝ።

«ቤት ይሠራል እንጂ ያድጋል እንዴ አባቴ?» ብዬ ሳቅሁባቸው።

«እኔ በሬ ስገዛ ያሳደገው ሰው ገመዱን ካላስጨበጠኝ አልገዛም። ይህንም ቤት ያቀናውን ሰው አምጣና ቁልፉን በእጁ ይስጠኝ። እንባ ያለበት ቤት ልጆቼን አላስገባም።»

ባንክ፣ ሕግ፣ ስም ዝውውር እያልኩ ብለፈልፍ ወይ ፍንክች! ሌላ ገዢ ደግሞ የለኝም። እየተነጫነጭኩ እትዬ ዘውዴ ወደተከራዩባት አንዲት ክፍል ሄድኩ። ወይ ይረግሙኛል፣ ወይ ገንዘብ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ለልጆቹ ቤት የሚገዛ ሰው እንደሚፈልጋቸው ስነግራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ።

አያ ፈንቴ ሲያዩአቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። «እሜቴ፣ ቂም አለብዎ?» አሏቸው።

«ኧረ በእርስዎ ምን ቂም አለኝ! ዕዳው የኛው ነው» አሉ እትዬ ዘውዴ። ከዚያ የጓሮውን ግድግዳ ትክ ብለው አዩት።

«ይህ ግድግዳ ግን ነሐሴ ላይ ውኃ ያስገባል። በየሰኔው ከኋላ ያለውን ቦይ ያስጠርጉ፤ አለዚያ ልጆቹን ብርድ ይመታብዎታል።»

ሽማግሌው በዱላቸው ግድግዳውን ነካ አደረጉት። ያ የተመጻደቅሁበት ጂፕሰም እንደ ደረቅ ቂጣ ተገምሶ እግሬ ሥር ወደቀ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«እገዛለሁ» አሉ አያ ፈንቴ። «በሬዬ ይዋጋል ብሎ የሚናገር ሰው ይታመናል።» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አንተ የግድግዳውን ትቀንሳለህ። እሳቸው ባይመጡልኝ ካንተ ዶሮም አልገዛም ነበር» አሉኝ።

ቀነስኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ? ቁልፉን ለእትዬ ዘውዴ ሰጠኋቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ለአያ ፈንቴ አስጨበጡና «ይባርክልዎ» አሉ። ካርታው በስሜ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ባለቤት ብሎ ወደ እኔ የዞረ ሰው አልነበረም።

ወጪዬን መልሻለሁ፣ ትንሽም አትርፌያለሁ። ጻድቅ ሆንኩ አልልም፤ ሐራጅ ግን ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። እትዬ ዘውዴ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት ነህ ልጄ? ሥራስ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር። አሁን ከሩቅ ሳያቸው መንገድ የምቀይረው እኔ ነኝ።